ሎሁ ከመታጠቡ በፊት

በልጅነታችን ቁርኣን ቤት ስንቀራ የማይጣስ ደንብ ነበር። ሼኻችን በሎህ ላይ የጻፉልንን በቃላችን ሳናሰማቸው ቀለሙ አይታጠብም፤ አዲስም አይጻፍልንም። ይህን ደንብ ለልጆቻችን የአስኳላ ትምህርት ሳንጠቀምበት መቅረታችን ይቆጨናል።

የሳተላይት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የተጀመረው በ1997 (እ.ኢ.አ.) ነበር። ታላቁ ልጃችን ከሦስት ዓመት በኋላ 9ኛ ክፍል ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በፕላዝማው አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ይይዝ ነበር። ሥዕሉ ያማረ፣ ሙከራውም በዓይን የሚታይ ነው። ነገር ግን ስርጭቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ያልገባው ተማሪ «ይደገምልኝ» ቢል አይቆምለትም። እኛም «ዘመናዊ ትምህርት አገኘ» ብለን ደብተሩን እንኳ አልገለጥንም። ለካስ ልጁ አልገባኝም ማለት አፍሮ ኖሯል። ይህን ያወቅነው የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ነው። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም።

ዛሬ የመጨረሻዋ ልጃችን 9ኛ ክፍል ናት። አሁን ቪዲዮው በእጃችን ነው፤ ይቆማል፣ ይመለሳል። ካን አካዳሚን የመሰለ ነጻ ትምህርትም አለ፤ መሥራቹ ሳልማን ኻን በ2004 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ዘመዱን ሒሳብ በርቀት ከማስጠናት የጀመረው ነው። እኛ ግን አስቀድመን መማሪያ መጽሐፏን እንገልጣለን። በምዕራፉ መግቢያ ተማሪው ምን ማወቅ እንዳለበት ተዘርዝሯል። ለዚያ የሚሆነውን ቪዲዮ ብቻ እንመርጣለን።

በቅርቡ ከኢሻ ሶላት በኋላ ስለ ሽምጠጣ ተመልክታ «ገብቶኛል» አለችን። «ከፍጥነት በምን ይለያል?» ብንላት ዝም አለች። ቪዲዮውን አቁመን ስለ ታክሲ ጠየቅናት። ጥቂት አሰበችና፣ «ቀጥ ባለ መንገድ እኩል ሲሄድ ፍጥነት አለው፤ ሽምጠጣ የለውም። ሲነሳና ፍሬን ሲይዝ ግን ፍጥነቱ ይለወጣል። ሽምጠጣ ማለት እርሱ ነው» አለች። ከመጽሐፉ ጋር አስተያየነው፤ ትክክል ነበረች። ሳይስማማ ሲቀር ደግሞ ጥያቄውን ጽፋ ለመምህሯ ትወስዳለች።

ከእኛ መካከል ፊዚክስ የተማረ የለም። ልጅን ለማዳመጥ ግን ጊዜ እንጂ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ውድ ወላጆች! ቪዲዮው ስላለቀ ትምህርቱ አላለቀም፤ ልጆቻችሁን አሰሟቸው። አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሳቸው። አሚን።