ከእንሰቱ ሥር

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የበልጉ ዝናብ ዛሬ በዳሞታ ተራራ በኩል መጣ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አባራ፤ ወዲያው የጓሮው ጩኸት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ የሰፈሩ እንቁራሪት ሁሉ። ከቤታችን በታች ጎደሬ የተተከለበት ረግረግ መሬት አለ። በጋውን ሙሉ አንዲት እንኳ አልታየችበትም፤ በአንድ ዝናብ ሞሉት። ዜና ለመስማት የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነብኝ።

ልጄ «እማዬ፣ ለምንድን ነው የማይተኙት?» ስትል ጠየቀችኝ። ወንዶቹ ሚስት እየጠሩ ነው አልኳት፤ እውነትም ነው። የሚጮኹት ወንዶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ጥሪ ስላለው ሴቷ በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል የዘሯን ድምፅ ለይታ ትሄዳለች። «ታዲያ ተራ በተራ አይጮኹም?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

መጋቢት 12

ጎመን ልቀጥፍ ወጥቼ ዝናቡ ካጠበው እንሰት ሥር ቆምኩ። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል፤ ከውሃው በላይ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቡናማ እንቁራሪት ተለጥፋለች። እጄን ሳስጠጋ ወደ ብብቱ ጥልቅ አለች።

እንሰትን ስለ ቆጮውና ስለ ቃጫው ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር ይመስላል። በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው እንግሊዛዊው ማልኮም ላርገን ግን ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት እ.ኤ.አ. በ1974 ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ስሟን ያወጣላት ከእንሰት ነው፤ አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ። ላርገን በኋላ ከስቲቨን ስፖውልስ ጋር የኢትዮጵያንና የኤርትራን እንቁራሪቶችና ተሳቢዎች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትሟል። በአገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች ሲታወቁ፣ ከአምስቱ ሁለቱ ያህል ሌላ የትም አይገኙም። ቆጠራውም ገና አላለቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እንኳ በደቡብ ምዕራብ ካለው ከቢቢታ ተራራ አዲስ ዝርያ ተመዝግቧል። ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ በየትምህርት ቤቱ ይወራል። በየጓሮው ስለምትጮኸው ግን የሚያነሣ የለም።

በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ ከሚኖሩት መካከል ቀንድ አውጣ እየበሉ የሚያድሩ እንቁራሪቶችም አሉ። ጎመኔን ወንፊት ያደረገው ቀንድ አውጣ ስለሆነ፣ እነሱ ወደኔ ጓሮ ቢዛወሩ ኪራይ አልጠይቅም።

መጋቢት 23

ጠዋት ከማድቤት «ሾሻ! ሾሻ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ወላይትኛዬ ገና ቢሆንም ይህቺን ቃል አስተርጓሚ ሳልፈልግ ገባችኝ። የምታግዘኝ ልጅ ምጣዱን ጥላ በሩ ላይ ቆማለች። ከማገዶው ክምር ሥር ክንድ የሚያህል ቡናማ እባብ ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከአፍንጫው ጀምሮ በዓይኑ በኩል ወደ ኋላ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር አለው። መሸሻ ፍለጋ ላይ እንጂ ጥቃት ላይ አልነበረም። ግን ማን ጊዜ ሰጥቶት! የጎረቤት ልጆች ዱላና ገጀራ ይዘው ደረሱ፤ ነገሩ በቅጽበት አለቀ።

ሁላችንም «አዬ» የምንላቸው ጎረቤታችን ነጠላቸውን እያጣፉ መጡና ሬሳውን አዩ።

«ልጄ፣ እባብ ዝም ብሎ ሰው ቤት አይገባም። የላከው አለ።»

«ማን ይልከዋል አዬ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አይጥ ይሆናል የላከው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን አልተቀበሉኝም። ጠላቴን እያሰብኩ እንድውል ትተውኝ ሄዱ።

ፎቶውን ባዮሎጂ ለሚያስተምር ወዳጄ በቴሌግራም ላክሁለት። መርዝ የሌለው፣ አይጥ እያሳደደ በሰው ቤት አካባቢ የሚኖር እባብ ነው አለኝ፤ የሚገድለውም ጠምጥሞ በማነቅ ነው። የመስመሩን ነገር ልብ በይ፣ ሁለተኛ ስታዪ ትለዪዋለሽ ብሎ መከረኝ። ለአዬ ብነግራቸው «መርዝ የሌለው እባብ፣ ቀንድ የሌለው ሰይጣን» ብለው ከመለሱልኝ በኋላ ነገሩን ተውኩት።

ደግሞስ በአዬ ይፈረዳል? አገራችን ታሪኳን ስትተርክ የምትነሣው አክሱምን ይገዛ ከነበረው ከዘንዶው ከአርዌ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ይወጋል። ኦሪት ዘፍጥረትም በእባቡና በሴቲቱ መካከል ያለውን ጠላትነት አስቀድሞ ጽፎታል። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ የቴሌግራም መልእክት ምን ያህል ይመዝናል?

መጋቢት 24

ማታ ጓሮ ስወጣ መሬት ላይ የወደቀ የቃጫ ገመድ አይቼ ዘለልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ለካ ለኔ ነው።

ሚያዝያ 5

በቆሎው ማዳበሪያ ተቀዷል፤ አይጥ ነው። ከእባቡ ሞት ጋር ይገናኛል ብዬ በፍርድ ቤት አልምልም። ለአዬ ግን ነገርኳቸው። ድመት አምጪ አሉኝ።

ሚያዝያ 19

የሥራ ባልደረባዬን ቤተሰብ ልንጠይቅ ወደ ሁምቦ ወረድን። የምንኖርባት ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ አባያ ሐይቅ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ እንሰቱም ለበቆሎና ለማሽላ ቦታ ይለቃል። ከመንገዱ ወዲያ በሁምቦ ተራራ ላይ የሚታየው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሔክታር መሬት ከንክኪ ተጠብቆ፣ ከቀሩት ጉቶዎች እንደገና ያቆጠቆጠው ደን ነው። ሰዉ ድሮ የጠፋው የዱር እንስሳ ተመለሰ ይላል፤ ሲቆጥር ድኩላውን ያስቀድማል፣ እባቡን መጨረሻ ላይ በቁጭት ይጠራል።

የባልደረባዬ አጎት ባለፈው ዓመት በእፉኝት ተነድፈዋል። ያወሩልን የቡና ስኒ በእጃቸው ይዘው፣ የሰው ታሪክ የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው ነው። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ባዶ እግራቸውን ከማሳ ሲመለሱ መንገዱ ላይ የተኛውን ረገጡት። እፉኝት ወፍራምና ዘገምተኛ ነው። እንደ ሌላው እባብ ኮቴ ሰምቶ አይሸሽም፤ መልኩን ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር አመሳስሎ ባለበት ይቀራል። ሲረገጥ ግን ለመንደፍ ከእሱ የሚፈጥን የለም። እግራቸውን ከጉልበት በታች በገመድ ጠፍረው አሰሩላቸው። በምላጭ በጡ። ጥቁር ድንጋይ አስቀመጡበት። በማግስቱ እግሩ ተነፍቶ ቆዳው ሲጠቁር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ ማርከሻው አልነበረም። ከዚያ ወደ ሶዶ። ተርፈዋል። ሁለት የእግር ጣቶቻቸው ግን የሉም።

«ድንጋዩ ባይኖር ሞቼ ነበር» አሉን።

አልተከራከርኩም፤ በሰው ቤት ቡና እየጠጡ አይከራከሩም። ለማስታወሻዬ ግን ልጻፈው። ጥቁሩ ድንጋይ የተቃጠለ አጥንት ነው፤ ከቁስሉ ላይ ይጣበቃል እንጂ ወደ ሥጋ የገባ መርዝ አይስብም። የእፉኝት መርዝ የተነደፈውን ሥጋ ይገድላል፤ ገመዱ ደግሞ ደም እንዳይደርሰው ከልክሎ ያንኑ ሥጋ ይጎዳል። ምላጩ የሚጨምረው መድማትና ኢንፌክሽን ነው። የሚጠቅመው ነገር አሰልቺ ስለሆነ ማንም አያወራውም፦ ቀለበት፣ አምባርና ጫማን እግሩና እጁ ሳያብጥ ማውለቅ፤ የተነደፈውን እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ አለማንቀሳቀስ፤ በሽተኛውን ሳያስኬዱ በፍጥነት ማርከሻ ወዳለበት ማድረስ። በኔፓል ቆላ መንደሮች የተነደፈውን ሰው በሞተር ሳይክል፣ በነጂውና በደጋፊው መካከል አስቀምጦ ማድረስ ሲለመድ የሟቾቹ ቁጥር በብዙ ቀንሷል። ሁምቦ ላይ ሞተር ሞልቷል።

በእፉኝት ላይ የተጫነው ሐሜትም ጥቂት አይደለም። ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ በልተው ይወጣሉ ይላል፤ ውለታ ቢስ ሰው እስከ ዛሬ «የእፉኝት ልጅ» ይባላል። እውነቱ እፉኝት እንቁላል ጥላ አትሄድም፤ 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ልጆች በሕይወት ትወልዳለች፣ እናትየዋም ደህና ትነሣለች። ስለ ልጆቹ የተወራው ሐሰት ነው። ስለ ብዛታቸው ግን ቢፈሩ አይፈረድም።

ሚያዝያ 21

የሁምቦው አጎት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። ድርጅቱ በእባብ መነደፍን ትኩረት ከተነፈጉት የሐሩር በሽታዎች ዋና ምድብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊትማ ለአፍሪካ እባቦች የሚታመንበት ማርከሻ፣ ፋቭ አፍሪክ የሚባለው፣ አያዋጣኝም ብሎ አምራቹ ሳኖፊ ማምረቱን አቁሞ የመጨረሻው ብልቃጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ጊዜው አልፎበታል። የሚነደፈው ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ነው፤ ገበሬ ደግሞ ለመድኃኒት ኩባንያ ገበያ አይሆንም። በአገራችን ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብደራፊ ክሊኒካቸው ሲያክሟቸው የቆዩትም ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ ቆላ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ለዚህ ነው ማድቤቴ የገባውን እባብ ከገደልን በኋላ ያገኘነው የጀግንነት ስሜት የሚያናድደኝ። አይጥ የሚበላውን እንገድላለን፤ ማታ ያለ ባትሪ፣ ያለ ጫማ ወደ ጓሮ እንሄዳለን።

ግንቦት 8

የጫማ ነገር ወላይታ ውስጥ አዲስ ወሬ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ በወጣው ቀይ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል። ሞሲ ፉት የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እዚሁ ወላይታ እግር እያጠበ፣ ጫማ እያስደረገ ኖሯል። አንድ ጫማ ሁለቱንም ይከለክላል፤ አፈሩንም እፉኝቱንም። እስካሁን በሰማኋቸው የጫማ ምክሮች ውስጥ ግን የእባብ ስም ሲነሣ አልሰማሁም። ቢነሣ ሰው ፈጥኖ የሚሰማ ይመስለኛል፤ እባብ የማይፈራ የለምና።

ግንቦት 22

የበረንዳው መብራት ሥር አንድ ጉርጥ በየማታው ይመጣል። ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የእሳት እራት ስትወድቅ ምላሱን ይዘረጋል፣ አለቀ። የሰፈር ልጆች ድንጋይ ሲያነሡ ልጄ ፊታቸው ቆማ «የኛ ነው!» አለች። አንዱ ከነካሽው ኪንታሮት ያወጣብሻል ሲላት በአመልካች ጣቷ ጀርባውን ነካችና እጇን አሳየችው። ልጁ አሁንም እየጠበቀ ነው።

ሰኔ 6

ክረምቱ ሳይጠና ግቢውን አጸዳን። የማገዶውን ክምር ከማድቤት አውጥተን በድንጋይ ላይ አነሣነው፤ በግድግዳው ሥር ያለውን የፍልፈልና የአይጥ ጉድጓድ ደፈንን፤ በሩ አጠገብ የረዘመውን ሣር አጨድን። በቆሎው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገባ። አዬ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ዝሪበት ብለውኝ ነበር። ሽታው እባብን እንደማይመልስ ባውቅም ዘራሁ፤ ፌጦው ለሆድ ቁርጠት ይሆናል፣ አዬም ደስ ይላቸዋል። መሬት ላይ ትተኛ ለነበረችው ለምታግዘኝ ልጅ አልጋ ገዛንላት፤ የወባ አጎበሯን ከፍራሹ ሥር አጥብቃ ስትሸጉጠው ሌሊት የሚሳብም አይገባባትም። የእንሰቱን ብብት ግን አልነካሁም።

እናንተም ጓሮ ያላችሁ ሰዎች፣ እባብ ስታዩ ራቅ ብላችሁ መውጫ ስጡት፤ ሊገድል ወይም ሊይዝ የሚጠጋ ሰውም ይነደፋል። ማታ ስትወጡ ባትሪና ጫማ አትርሱ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የእባብ መርዝ ማርከሻ አለው ወይ ብላችሁ ዛሬ ጠይቁ፤ ከሌለው የት እንደሚገኝ አሁን አውቃችሁ፣ የሚያደርሳችሁን ባለ ሞተር ስልክ መዝግባችሁ ያዙ።