ነቅለህ ሰካው

ዋይፋይ ሲደነዝዝ መድኃኒቱን የማያውቅ ሰው የለም፦ ነቅለህ ሰካው። አከራዬ እማማ በዚህ ሕክምና ከማንም ይቀድማሉ፤ እኔ «ችግሩ ምን ይሆን?» እያልኩ ሳለሁ ሶኬቱ ተነቅሏል። የሚያናድደው ደግሞ መሥራቱ ነው።

ለምን ይሠራል? ምስጢሩ እ.ኤ.አ. ከ1966 ይጀምራል። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ያን ዓመት የጠነሰሰው ራም መረጃን የሚይዘው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ቻርጁ ያፈስሳል፤ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ካልታደሰ ይጠፋል። መብራት ሲቋረጥማ ራሙ ሁሉን ይረሳል። መርሳት ያቃተው ፕሮግራሙ ነው።

አንድ ቀን የራውተሬን ገጽ በ192.168.1.1 ከፍቼ መዝገቡን ሳይ «ሰንጠረዡ ሞልቷል፣ ፓኬት እየጣልኩ ነው» የሚል መልእክት ተደርድሯል። አብዛኛው የቤት ራውተር ውስጡ ሊኑክስ ነው፤ የትኛው ስልክ፣ በየትኛው ፖርት፣ ከማን ጋር እንደተገናኘ ራሙ ላይ እንደ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ይመዘግባል። ደብተሩ ሲሞላ የቆየ ደንበኛ ይስተናገዳል፣ አዲስ ግን አይገባም። ቀድሞ የተከፈተው ቴሌግራም መልእክት እያመላለሰ አዲስ ገጽ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ያኔ ፍጥነት መለካት ጊዜ ማባከን ነው፤ መስመሩ ምንም አልሆነም።

ግንኙነቱን በወጉ የዘጋ ይሰረዛል። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከግቢ የወጣ እንግዳ ግን ሳይዘጋ ነው የሄደው። ሊኑክስ እንዲህ ያለውን የቲሲፒ (ሁለት ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ) ግንኙነት ለምን ያህል ጊዜ ይጠብቃል? አምራቹ ካልቀየረው 432,000 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ቀን። ዓርብ መጥቶ በቶረንት ፊልም ሲያወርድ ያመሸ ዘመድ እስከ ረቡዕ ድረስ ደብተሩ ላይ አለ። ቶረንት ደግሞ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ግንኙነት ይከፍታል።

ደብተሩስ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በግንቦት 1994 ኢገቫንግ እና ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች አንድ አጭር ሰነድ አወጡ። 4.3 ቢሊዮን ገደማ የሆነው የኢንተርኔት አድራሻ ያልቃል የሚል ስጋት ነበር፤ ብዙ ኮምፒውተር በጥቂት አድራሻ ይጠቀም አሉ፤ ታዲያ የሚመጣው መልስ የማን እንደሆነ የሚለየው ደብተሩ ነው። ዘላቂው መፍትሔ እስኪመጣ ለአጭር ጊዜ ነው ብለውም ጽፈዋል። ዘላቂው፣ አይፒቪ6፣ በታኅሣሥ 1995 በወረቀት ወጣ። ጊዜያዊው ግን ዛሬም እማማ ሳሎን ውስጥ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ጊዜያዊ ነገር ስንት ዓመት እንደሚኖር ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያሻም።

እንግዲህ ራውተሩ የሚፈቅድለት ሰው ራም ያንሰዋል ብሎ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ያቺን 432,000 ወደ 7,440 ያውርዳት። ቁጥሯ ከሜዳ አልተነሣችም፤ ለእንዲህ ያለው ደብተር እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው መመሪያ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ አታሳንሱ ይላል። ሁለቱ ሰዓት ቲሲፒ ዝም ያለውን ወገን «አለህ ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚታገሠው ነው፤ አራቱ ደቂቃ ደግሞ መንገድ ላይ ላለ ፓኬት የተተወ ነው።