የጫጉላ መርከባችንን ስንመርጥ

የጫጉላ ሽርሽር ሲነሳ የአዲስ አበባ ሙሽራ በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ቢሾፍቱና ስለ ሀዋሳ፣ ኪስ ሲፈቅድ ደግሞ ስለ ዛንዚባርና ስለ ዱባይ ነው። እጮኛዬ ግን ቀለበት ካሰርንበት ሳምንት ጀምሮ በአንድ ሐሳብ ጸና፤ ክሩዝ። ሰባት ሌሊት በመርከብ። አባቱ (ነፍሳቸውን ይማርና) የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ባልደረባ ነበሩ፤ መርከቦቻችን ከአሰብ ይነሱ በነበረበት ዘመን ባሕር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ለእሱ ባሕር ማለት ልጅ ሳለ አባቱ የሚሄዱበት ቦታ ነው። እኔ ደግሞ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ላንጋኖ ላይ ጀልባ ውስጥ ገብቼ እንኳ ያዞረኛል።

ሰርጋችን ግንቦት ላይ ነው። የሚጠራውን ሰው ከ400 ወደ 220 ቀንሰን፣ የሁለታችንንም እቁብ ጨምረን ለጉዞው ያስቀመጥነው ገንዘብ አለ። ቤተሰብ ያውቀዋል። «ለኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ይሆን ነበር» ያለም አልጠፋም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዩሮ የተጻፈ ዋጋ ወደ ብር ሲመለስ ያስደነግጣል። ስለዚህ ምርጫው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሁለታችን በአንድ ላይ የምናወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብ ነው።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ መልሷ ዝግጁ ነበር። «ሮያል ካሪቢያን ያዙ፣ ሌላ አትዩ» አለችን። እሷ ከባልቲሞር ተሳፍራ ደርሳ መጥታለች። ኩባንያው ጥር 2016 ዓ.ም. ከማያሚ ሥራ ያስጀመራት አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 20 ፎቅ ያላት፣ ስትሞላ 7,600 ያህል መንገደኛ የምትይዝ ናት። እጮኛዬ ቪዲዮዋን እያየ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አለቀ። ነገር ግን ማያሚ ለመድረስ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለሰባት ቀን መዝናኛ ብለን በዚያ በር መሰለፍ አልፈለግንም። በሩም ለእኛ ብሎ አይከፈትም።

ዱባይንም አይተናል። ከዚያ የሚነሱ መርከቦች ግን የክረምቱን ሙቀት ሸሽተው የሚሠሩት በግምት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ለጥር ሙሽሮች ይስማማል። ለእኛ አልሆነም።

የቀረው ሜዲትራኒያን ነው። እዚህ ላይ መርከብ ከማየታችሁ በፊት ፓስፖርታችሁን እዩ እላለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ መስጠት ታግዷል፤ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ የተሳፈረ ሰው መርከቧ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ቱኒዚያ ጎራ ብላ ከተመለሰች ችግር ውስጥ ነው። ሁሉም ወደቦቿ ሸንገን ውስጥ ከሆኑ ግን እንደ ወጣ አይቆጠርም። ይህን ስናውቅ ካማሩን ጉዞዎች ግማሹ በአንድ ምሽት ተሰረዘ። ኢስታንቡልን የያዘውን የግሪክ ደሴቶች ጉዞ እጮኛዬ እያዘነ ነው ያጠፋው።

በመጨረሻ ሁለት ኩባንያዎች ቀሩ፤ ኤምኤስሲ እና ሴሌብሪቲ።

ኤምኤስሲን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጅቡቲ በሚመጣው መንገድ ላይ ከባድ መኪናዎች ከሚጭኗቸው ኮንቴይነሮች ላይ ሦስቱ የላቲን ፊደላት በትልቁ ተጽፈው ይታያሉ፤ የክሩዙ ድርጅት የዚያው ኩባንያ ልጅ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ ነው፤ እንደኛው ወደብ በሌላት ስዊዘርላንድ! ትልልቅ መርከቦች አሉት። ከእነሱ አንዷ ዎርልድ ዩሮፓ ከ6,700 በላይ መንገደኛ ትይዛለች፤ በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ጊዜ ዶሃ ወደብ ላይ ቆማ ሆቴል ሆና ነበር። ሴሌብሪቲ በአንጻሩ ቻንድሪስ የሚባል የግሪክ ቤተሰብ የመሠረተው ነው፤ በጭስ ማውጫው ላይ ያለችው ኤክስ የምትመስል ምልክት የቤተሰቡ ስም የሚጀምርባት የግሪክ ፊደል ናት። ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሮያል ካሪቢያን ንብረት ነው። አዳዲሶቹ መርከቦቹ 3,000 ገደማ ሰው ይይዛሉ፤ ልጆች ይዘው ከሚመጡ ቤተሰቦች ይልቅ ጥንዶችን ያስባል።

ለጫጉላ የትኛው ይመረጣል ቢባል በወረቀት ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሴሌብሪቲ። እኔም ያዘነበልኩት ወደዚያ ነበር። ኤምኤስሲ በምዕራብ ሜዲትራኒያን ሲዞር መንገደኛ የሚሳፈረው ከአንድ ወደብ ብቻ ስላልሆነ በየወደቡ ሻንጣ የሚጎትት አዲስ ሰው ታያላችሁ፤ ማስታወቂያውም በብዙ ቋንቋ ይደጋገማል። ጸጥታ ለሚፈልግ ሙሽራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋጋው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» የሚለውን ሐረግ ለሌሎች የምጽፈው እኔው ነኝ። ስለዚህ ብሮሹር ስይዝ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ታች ባለው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ነው። የክሩዝ ዋጋ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰው አንድ ካቢን ሲይዝ፣ ያውም መስኮት ለሌለው ካቢን። በዚያ ላይ የወደብ ክፍያና ቲፕ አለ። ቲፑ እንደኛ አገር በፈቃድ የሚሰጥ አይደለም፤ በየቀኑ በሂሳባችሁ ላይ ይጻፋል። በሮያል ካሪቢያን ለምሳሌ ለአንድ ሰው በቀን 18 ዶላር ገደማ ነው፤ ለሁለት ሰው በሰባት ቀን ከ250 ዶላር በላይ ይሆናል። የአልኮል መጠጥ ጥቅል ከተፈለገ በአንድ ካቢን ያሉ አዋቂዎች ሁሉ እንዲገዙ የሚያስገድዱ ኩባንያዎች አሉ። እጮኛዬ ወይን ይወዳል፣ እኔ አልጠጣም፤ ስለዚህ ጥቅሉን ትተን በብርጭቆ ይከፍላል ብለን ወሰንን። ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ከእነዚህ አንዱንም ሳይነግረን «ሁሉም ተካቷል» እያለ ሒሳብ ሠርቶልን ነበር። ዝርዝሩን በጽሑፍ ስጠይቀው ስልክ ማንሳት አቆመ።

ሁሉንም ደምረን ስናየው በሴሌብሪቲ መስኮት የሌለው ካቢን በሚያወጣው ገንዘብ በኤምኤስሲ በረንዳ ያለው ካቢን ይገኛል፤ ያውም በመርከቧ መሐል፣ ከፍ ባላለ ፎቅ ላይ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መርከብ ስትወዛወዝ ጫፎቿና ላይኞቹ ፎቆች ይብሳሉ፤ መሐሉና ታችኛው ይሻላል። የሚያዞረው ሰው ንጹሕ አየርና አድማስ ማየትም ይረዳዋል። እናቴ «ምን ትበያለሽ? ጾሙስ?» ብላ ተጨንቃ ነበር፤ ሰርጉም ጉዞውም በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህ ጉዳይ ሳናስበው በራሱ ተፈታ።

ያልተፈታው የእጮኛዬ እናት ናቸው። ስለ ጉዞው ሲነሳ ዝም ይላሉ። አንድ እሑድ ቡና አፍልተው ብቻችንን ስንሆን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ጉዞውን አልወደዱትም?»

«ልጄ፣ እኔ ባሕርን የጠላሁት አንድም ቀን ሳላየው ነው» አሉኝ። እጮኛዬ ሲወለድ አባቱ ባሕር ላይ ነበሩ፤ ልጃቸውን ያዩት አራት ወር ሲሞላው ነው። ከዚያ ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ፖስት ካርድ ነው። ጅዳ፣ ሮተርዳም፣ ማርሴይ። አንዱ የጄኖቫ ነበር፤ ከ1543 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደቡ ላይ የቆመው 77 ሜትር ቁመት ያለው የመብራት ማማ ፎቶ አለበት። ጀርባው ላይ «ደህና ነኝ፣ ልጁን ሳሚልኝ» ከሚለው በቀር ምንም የለም። «ይህን አሳየኝ ብዬው ነበር፤ እሺ ብሎኝ ነበር» አሉ እማማ። ሌላ አልተናገሩም፤ ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ለእጮኛዬ ማታ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለና ላፕቶፑን ከፈተ። ያገኘነው የሴሌብሪቲ ጉዞ ኔፕልስና ሊቮርኖ ይቆማል፤ ጄኖቫ አይገባም። ኤምኤስሲ ጄኖቫ ሙሉ ቀን ይቆማል።

ቀብዱን በማግስቱ ከፈልን። ከአዲስ አበባ ሮም በቀጥታ እንበራለን፤ መርከቧ የምትነሳበት ቺቪታቬኪያ ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። መርከብ የዘገየ ሰው ስለማትጠብቅ አንድ ቀን ቀድመን ሮም እናድራለን፤ መልሱም ለዚሁ ሲባል በሁለት ቀን ወደፊት መጥቷል፤ የእኔ አክስቶች እስካሁን ያጉረመርማሉ። ለቪዛው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ገዝተናል፤ ማመልከቻችንም ገብቷል። አሁን የ45 ቀኑን ቆጠራ ላይ ነን። ቀብዱ ቪዛ ቢከለከል የሚመለስበትን ቀነ ገደብ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

እማማ ባለፈው ሳምንት ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ መርከቡ ላይ ስልክ ይሠራል ወይ። መሐል ባሕር ላይ የሚሠራው የመርከቧ የሳተላይት ኔትወርክ እንደሆነና በተራ ሮሚንግ ከተደወለ ሂሳቡ እንደሚያቃጥል አልነገርኳቸውም። የኢንተርኔት ጥቅል ለአንድ ስልክ ብቻ ገዝተናል፤ ለእሱ ስልክ። በየማታው ራት ከበላን በኋላ ሊደውልላቸው ተስማምተናል፤ ከጄኖቫ ደግሞ በቪዲዮ።