ኮትቻ ምን ይሠራል?

ሰፈራችን ውስጥ ለአንድ ሕንፃ መሠረት እየተቆፈረ ነው። ኤክስካቫተር ሲሠራ ቆመው ከሚያዩት ሥራ ፈቶች አንዱ መሆኔን አልክድም፤ እኔን የሚያቆመኝ ግን ማሽኑ ሳይሆን የተቆረጠው የአፈር ግድግዳ ነው። ከላይ አንድ ክንድ ያህል የሣር ሥር የተሰራጨበት ጥቁር አፈር አለ። ዝቅ ሲል ጥቁረቱ እንዳለ ሆኖ ይጠብቃል። አንዳንዱ ጓል ሲገነጠል ፊቱ በሳሙና የታሸ ይመስል ያብለጨልጫል። ይሄ የማሽኑ ሥራ አይደለም፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር እርስ በርሱ እየተፋተገ ያለሰለሰው ነው። ከዚያ ነጫጭ የኖራ ጠጠሮች ብቅ ብቅ ይላሉ። ከነሱ ሥር በእጅ ሲጨብጡት የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የማሽኑን ጥርስ የሚያንጫጫ ጥቁር ድንጋይ።

ፎርማኑን «ይሄን አፈር የት ነው የምትደፉት?» አልኩት።

«ኮትቻ እኮ ነው ጋሼ፣ ምን ይሠራል? አውጥተን ሰሌክት፣ የተመረጠ ጠጠራማ አፈር፣ ነው የምንሞላው።»

በሙያው ልክ ነው። ኮትቻ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ዝም ብሎ የተሠራ ቤት ግድግዳው ይተረተራል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። «ምን ይሠራል?» የምትለዋ ግን አብራኝ ቤት ገባች። የአድአ ጤፍ እያልን በኪሎ ጨምረን የምንገዛው ከዚሁ ዓይነት ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ታጭዶ አይደል እንዴ የሚመጣው?

አፈሩ ከድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ ላውራ። ደጋችንን የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በየዘመኑ ከመሬት ውስጥ እየፈሰሰ የረጋ ቅልጥ አለት ነው። ዝናብ ከአየር፣ ከዚያም ከዕፅዋት ሥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በትንሹ አሲዳማ ይሆንና ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ብረቱ ይለቀቃል። የቀረው ወደ ሸክላ ይለወጣል።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚለየው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ተዳፋት ላይ ውሃው ይወርዳል፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙንም ይዞ ይሄዳል። ብረቱ እዚያው ዝጎ ይቀራል፤ አፈሩ ቀይ ይሆናል። ሜዳው ላይ ግን ውሃው ይተኛል፣ ከላይ የታጠበውም እዚያ ይጠራቀማል። ክረምትና በጋው ሲፈራረቁበት፣ በንብርብሮቹ መካከል ውሃ እያስገባ የሚያብጥ ሌላ ዓይነት ሸክላ ይፈጠራል። ኮረብታው ቀይ፣ ሜዳው ጥቁር፤ የሁለቱም እናት ድንጋይ ግን አንድ። (ጥቁረቱን ብዙ ሰው የብስባሽ ብዛት ይመስለዋል። ብስባሹ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይደለም፤ ያለችው ትንሽ ከሸክላው ጋር ጠብቃ ስለተያያዘች ነው።)

የስዊዘርላንድ ተወላጁ የአፈር ተመራማሪ ሃንስ ጄኒ በ1941 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አፈርን የሚሠሩት አምስት ናቸው ብሎ ነበር፦ የአየር ንብረት፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬት አቀማመጥ፣ እናት ድንጋይና ጊዜ። የመጨረሻው ነው የሚያሳስበኝ። በአብዛኛው ቦታ አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመሠራት ከመቶ ዓመት በላይ ይፈልጋል። አንድ ገልባጭ መኪና ለመሙላት ደግሞ ለኤክስካቫተሩ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ፎርማኑ የተማረረበት የኮትቻ ጠባይ ገበሬውን ነው የሚያኖረው። በጋ ላይ ስንጥቁ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ ከላይ የተፈረፈረው አፈር እዚያ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ያብጥና የታችኛው ወደ ላይ ይገፋል። በሬ ሳይጠመድ መሬቱ ራሱን ያገላብጣል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ውሃ ስለሚተኛበት ገበሬው ሌላው እህል ሲበቅል ይታገሣል፣ ቦይ ያወጣል፣ ጤፉን ዘግይቶ ይዘራል። ሽምብራና ጓያ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይዘራሉ። ከዚያ በኋላ ይህ ነው የሚባል ዝናብ ባይጥልም ጭቃው ቋጥሮ ባቆየው እርጥበት አድገው ያፈራሉ። ሽምብራው በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዝ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ጤፍ የሚተርፍ ነገር ጥሎ ይሄዳል። ቤት የሚሰነጥቀውና እሸት ሽምብራ የሚያበላን ያው አንድ ሸክላ ነው።

ሰው ቤት አይሥራ እያልኩ አይደለም፤ እኔም የምኖረው የሆነ ሰው ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። የሚከነክነኝ ሒሳቡ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የልማት ተነሺ ካሳ የሚያሰላው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ የ1997ቱ አዋጅ፣ በ10 ነበር የሚያባዛው። ተሻሽሏል፤ ለገበሬው ደግ ነው። ግን የሚቆጠረው ምርቱ ነው። አፈሩ ራሱ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ማሽኑ ሲደርስ «ቆሻሻ» ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ደግሞ በየመንገዱ ዳር ያሉ የአበባ ችግኝ ሻጮች ጥቁር አፈር በጆንያ ይሸጡልናል። በአንድ በር በገልባጭ እናስወጣለን፣ በሌላው በር በጆንያ እንገዛለን። ይሄን ንግድ ማን እንዳስተማረን እንጃ!

እና ወዳጆቼ፣ ቁፋሮ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ኤክስካቫተሩ ሥራ ሲጀምር ኦፕሬተሩን አንድ ነገር ለምኑት። የላይኛውን አንድ ክንድ ያህል አፈር መጀመሪያ ይግፈፍና ግቢው ጥግ ለብቻው ይከምረው። ትሉም፣ ዘሩም፣ ባክቴሪያውም በብዛት ያለው እዚያ ነው፤ በሻይ ማንኪያ ብትዝቁ እንኳ እስከ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። ጭቃ ሆኖ ሳለ አይነካ፣ ይጠቀጠቃል። ክምሩን በጣም አታስረዝሙት፣ መሐሉ አየር ያጣል። ግንባታው ክረምት የሚሻገር ከሆነ ሣር ይብቀልበት፤ ጎርፍ አይወስደውም። ቤቱ ሲያልቅ ለጓሮው ትመልሱታላችሁ፤ ከተረፈም ጎረቤት አይጠፋም። ከሥረኛው ጭቃና ከፍርስራሽ ጋር አንዴ ከተደባለቀ ግን መልሶ የሚለየው የለም።