ማወቅና ማወቅ

“እገሌን ታውቁታላችሁ?” ተብላችሁ ስትጠየቁ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ምናልባት ስሙን ብቻ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ምናልባት ፎቶውን በስልክ አይታችሁ ይሆናል፤ ምናልባትም አብራችሁት አድጋችሁ ይሆናል። በአማርኛ ለሦስቱም “አዎ፣ አውቀዋለሁ” ብሎ ማለፍ ይቻላል። ስፓኒሽ ግን እንዲህ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ከመናገራችሁ በፊት ከሁለት ግሦች አንዱን ምረጡ ይላችኋል። በዚህ ምርጫ ውስጥ ከሰዋስው ያለፈ ነገር ስላገኘሁበት ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ስፓኒሽ ያስተማረችኝ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተሰልፈው እንደተዋጉ በታሪክ ትምህርት ሰምታችሁ ይሆናል። ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው “የወጣቶች ደሴት” በምትባለው ደሴት በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። የቀኑን ግማሽ በክፍል፣ ግማሹን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ያሳልፉ ነበር። አክስቴ ከእነርሱ አንዷ ነበረች፤ ከአገሯ ስትወጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ከቀላሉ እንጀምር። እኛ “መጠየቅ” የምንለውን ስፓኒሽ ለሁለት ይከፍለዋል፦ “ፔዲር” እና “ፕሬጉንታር”። አክስቴ መለያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተማረችኝ፤ “የምትፈልገው እንዲሰጥህ ከሆነ ፔዲር፣ እንዲነገርህ ከሆነ ፕሬጉንታር።” ስለዚህ ውሃ፣ ፈቃድ፣ ርዳታና ይቅርታ በፔዲር ይጠየቃሉ፤ ሰዓትና መንገድ በፕሬጉንታር። የእኛ “መጠየቅ” ደግሞ ሦስተኛ ክፍል አለው፤ የታመመ ሰው እንጠይቃለን። ይህኛው ከሁለቱም አይገባም፤ ስፓኒሽ ተናጋሪ “ጎበኘሁት” ነው የሚለው። የሚቀርበው “ፕሬጉንታር ፖር” የሚለው አነጋገር ነው፤ ስለ አንድ ሰው ደኅንነት ማጠያየቅ ማለት ነው። እኛ ግን ብርቱካን ይዘን አልጋው አጠገብ ካልተቀመጥን ጠየቅነው አንልም።

“ኬሬር” የሚለው ግስ ደግሞ መፈለግ ማለት ነው። ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የጠፋ ነገርን መሻት፣ ማሰስ ማለት ነበር። አማርኛችንም “ፈለገ”ን ለሁለቱም ይጠቀምበታል፤ የጠፋ ቁልፍ እንፈልጋለን፣ ሻይም እንፈልጋለን። ስፓኒሾች ግን በዚሁ ግስ ፍቅራቸውንም ይናገሩበታል። እናት ልጇን፣ ጓደኛም ጓደኛውን “ቴ ኪዬሮ” ይላል፤ እወድሃለሁ ማለቱ ነው። “አማር” የሚባል ሌላ ግስም አለ፤ እርሱ ከበድ ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በጥንዶች መካከል ይሰማል። እንግዲህ “ቴ ኪዬሮ”ን ቃል በቃል “እፈልግሃለሁ” ብላችሁ ብትተረጉሙት ምን እንደሚሆን አስቡ። አለቃችሁ “እፈልግሃለሁ” ሲላችሁ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ሐሳብ “ምን አጥፍቼ ይሆን?” የሚል ነው።

ተማሪን በጣም የሚያደናግሩት ግን “ሴር” እና “ኤስታር” ናቸው። ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲመለሱ አብዛኛውን ጊዜ “ነው” ይሆናሉ። ብዙ አስተማሪዎች ሴር ለቋሚ ነገር፣ ኤስታር ለጊዜያዊ ነገር ነው ብለው ይጀምራሉ። ለጅምር ይጠቅማል፤ ሩቅ ግን አያስኬድም። ሃቫና ከኩባ ተነሥታ የትም አትሄድም፤ ሆኖም ቦታዋ የሚነገረው በኤስታር ነው። ሰዓት በየደቂቃው ያልፋል፤ የሚነገረው ግን በሴር ነው። “ሞቷል” ለማለትም የሚያገለግለው ኤስታር ነው። ከዚህ ላይ ስብከት ለማውጣት የሚቸኩል ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልመክርም። ሰዋስው የራሱ ምክንያት አለው፤ ኤስታር አንድ ነገር ደርሶ የተገኘበትን ሁኔታ ይናገራልና። “ኤስታር” የመጣው ቆመ ከሚል የላቲን ግስ ነው። ስለዚህ እኔ ጥያቄውን እንዲህ አድርጌ ይዤዋለሁ፦ ነገሩ ምንድን ነው ከተባለ ሴር፤ የት ቆሟል፣ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል ከተባለ ኤስታር።

ልዩነቱ የሚከብደው ስለ ሰው ስንናገር ነው። “ኤስታ ቦራቾ” ማለት ሰክሯል ነው። “ኤስ ቦራቾ” ካላችሁ ግን ሰካራም ነው ብላችኋል። አማርኛም ይህን መለየት ያውቅበታል፤ እኛ የምንለየው በግስና በስም ነው። ዋሽቷል እና ውሸታም ነው፣ ሰርቋል እና ሌባ ነው፣ ወድቋል እና ደካማ ነው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አንድ ቀን የሆነውን ይናገራል፤ ሁለተኛው በሰውየው ግንባር ላይ ይጽፋል። የማስተምራቸው ወጣቶች በአንድ ፈተና ወድቀው “እኔ ሰነፍ ነኝ” ሲሉኝ፣ “አልሠራሁም በሉ፤ ሰነፍ ነኝ አትበሉ” እላቸዋለሁ። ያልሠራ ነገ ሊሠራ ይችላል። ሰነፍ ነኝ ያለ ግን ስለ ነገም ተናግሮ ጨርሷል።

አሁን ወደ “ማወቅ” ልመለስ። “ሳቤር” ነገርን ማወቅ ነው፤ ወሬን፣ ትምህርትን፣ ሙያን። ዋና የምትችሉ ከሆነ በሳቤር ነው የምትናገሩት። ግሱ በጥንቱ ላቲን ጣዕም ነበረው ማለትም ነበር፤ ዛሬም አንድ መጠጥ ብርቱካን ብርቱካን ይላል ለማለት ስፓኒሾች በሳቤር ይናገራሉ። “ኮኖሴር” ግን ተገናኝቶ ማወቅ ነው፤ ሰውን፣ አገርን፣ ሰፈርን። ስለ አንድ ሰው መጽሐፍ የሚሞላ ነገር በሳቤር ልታውቁ ትችላላችሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ካላገኛችሁት ግን ኮኖሴርን አትጠቀሙም።

የአክስቴ አባት፣ ማለትም አያቴ፣ ወታደር ነበር። አክስቴ በአንቀልባ ሳለች ወደ ምሥራቅ ድንበር ተዛወረ። ለፈቃድ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ማታ ደርሶ ሊነጋጋ ሲል ሄደ፤ እርሷ ተኝታ ነበር። በጦርነቱ ወደቀ። እናቴ ግን ታላቅ ስለሆነች በደንብ ታስታውሰዋለች።

አንድ የእንቁጣጣሽ ቀን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ፣ ከልጆቹ አንዷ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አይታ አክስቴን “ይኼን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?” አለቻት። አክስቴም “አላውቀውም” አለች። እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

“አባትሽን ነው አላውቀውም የምትይው?”

“እትዬ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም።”

“ታዲያ እንዴት ማለትሽ ነው?”

በቋንቋችን “አላውቀውም” ክህደትም ይሆናል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ዝም አለ። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ በስፓኒሽ “ሴ ኪየን ፉዌ፤ ኖ ሎ ኮኖሲ” አለችና “ንገርልኝ” አለችኝ። በመጀመሪያው ሐረግ ሳቤር፣ በሁለተኛው ኮኖሴር አለ። “ማን እንደነበረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አልተዋወቅንም” ብዬ ለእናቴ ተረጎምኩላት።

እናቴ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ ከግቢው በር ሲገባ እንዴት ያፏጭ እንደነበር፣ ሲስቅ በእጁ አፉን ይሸፍን እንደነበር፣ ያቺን አንድ ሌሊት በኩራዝ የተኛችውን ልጁን ቁጭ ብሎ ሲያያት እንዳመሸ መናገር ጀመረች። አክስቴ ይህን የመጨረሻውን ሰምታው አታውቅም ነበር። “አየኝ?” ብላ ጠየቀች፤ ፕሬጉንታር ነው። እናቴም “አይቶሽ አልጠገበም” አለቻት።

ሌላ ቀን አክስቴን ከስፓኒሽ የትኛውን ቃል እንደምትወድ ጠየቅኋት። “ኤስፔራር” አለችኝ። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እኛ መጠበቅና ተስፋ ማድረግ ብለን የምንለያቸውን ስፓኒሽ በአንድ ግስ ይዟቸዋል። በደሴቲቱ ላይ ከእናቷ ደብዳቤ ስትጠባበቅ “ኤስፔሮ” ትል ነበር። እየጠበቀች ይሁን ተስፋ እያደረገች መለየት አላስፈለጋትም።

ስለዚህ የትኛው ቋንቋ ይበልጣል ወደሚለው ክርክር አትግቡ፤ አንዱ የለየውን ሌላው ያቀላቅላል። ይልቅስ ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። “አውቀዋለሁ” ወይም “አውቃታለሁ” የምትሏቸውን የአምስት ሰዎች ስም ጻፉ፤ በየስሙ ፊት ሳቤር ወይም ኮኖሴር ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሳቤር ካላችኋቸው መካከል በሕይወት ያለ፣ በአቅራቢያችሁ የሚኖር ሰው ካለ፣ ገና ጊዜ አላችሁ። ሄዳችሁ ጠይቁት፤ በአማርኛው መጠየቅ፣ ብርቱካን ይዛችሁ።