ዘንጓን የሰበራት ማን ነው?

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ዓሣን የምናውቀው በጉላሽና በለብለብ ነው። ከውኃ እንዴት እንደሚወጣ ግድ የሰጠን አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ የማጥመጃ ዘንግ ከገዛን በኋላ ነው። አንድ ዘንግ፣ ለአራት ሰው፣ ለሁሉም ዓይነት ዓሣ! ብልጠት መስሎን ነበር።

ዘንጋችን ቀጭን፣ ቀላልና ቆንጆ ነበረች። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን፣ መንጠቆው ላይ ትል ሰክተን፣ ክሩ ላይ ቡሽ አስረን ቆሮሶ ስንጠብቅ አላሳፈረችንም። ጫፏ ስስ ስለሆነ ቆሮሶው ገና ሲነካካ ታሳብቅበታለች። ጣጣው የመጣው አምባዛ ያማረን ዕለት ነው። አምባዛ የሚፈለገው ከታች፣ ከጭቃው አካባቢ ስለሆነ 60 ግራም እርሳስ አሰርንባት። ከመካከላችን ጉልበተኛው ተቀበለና ከትከሻው በላይ አሽከርክሮ ወረወረ። ቀጭ! እርሳሱ ሐይቁ ውስጥ፣ ግማሽ ዘንግ እጁ ላይ።

ያን ቀን ያልነውን ሁሉ እዚህ አንጽፈውም። «በሰው ገንዘብ እንዲህ ይቀለዳል?» ያለው ግን ከእኛው አንዱ ነው። ጓደኛችን ምንም ሳይመልስ የሦስታችንንም ድርሻ ከፈለ። ከዚያ ወዲያ አብሮን ሐይቅ አልወረደም።

ነገሩ የገባን ሌላ ዘንግ ልንገዛ ስንጠያይቅ ነው። ለካ ከመያዣው ከፍ ብሎ በደቃቅ ቁጥር የሚጻፈው ዘንጉ መወርወር የሚችለው ክብደት ኖሯል። ስባሪውን አውጥተን አነበብነው፦ ከ5 እስከ 20 ግራም። ከምትችለው በላይ ሦስት እጥፍ ጭነንባታል። እርሳሱን ያሰርነው ደግሞ እኛ ነን።

እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምታጠምዱ ወስኑ። ለአምባዛ ወፍራምና ጠንካራ ዘንግ ያስፈልጋል፤ መሬት ላይ ተደግፎ ስለሚቆም ሚዛኑ ብዙ አያስጨንቅም። ሰው ሠራሽ ማባበያ እየወረወሩ መልሶ ማጠንጠን ለሚወድ ግን ዘንጉ ቀኑን ሙሉ ከእጁ አይወርድምና ሚዛን ትልቅ ነገር ነው። ማጠንጠኛውን ግጠሙና ዘንጉን፣ ከማጠንጠኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ፣ አንድ ጣታችሁ ላይ አስተኙት። ጫፉ ወደ መሬት ከደፋ ማታ አንጓችሁ ይመሰክራል፤ ከበድ ያለ ማጠንጠኛ ሞክሩ። ባዶውን ዘንግ ሱቅ ውስጥ ነቅንቆ መግዛት ጫማን ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ዘንግ፣ ስባሪውንና የጓደኛችንን ገንዘብ ይዘን ቤቱ ሄድን። ቁጥሩን አሳየነው። ቀስ ብሎ አነበበው።

«ማንበብ የቻላችሁት ዛሬ ነው?» አለን።

መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅነውና ለሐዋሳ የትኛውን እንደሚይዝ ጠየቅነው። ሁለቱንም ጣቱ ላይ እያስተኛ ሲመዝን ቆየና ወፍራሙን አነሳ።