ጄሪካኑን አትጣሉት

ሶዶ ከተማ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ጓሮ የለውም። የወላይታ ቤት ግን ያለ ጓሮ አይታሰብም፤ እንሰቱም ጎመኑም ከደጃፍ ጀምሮ ነው የሚተከለው፣ ፍጉም አመዱም የሚደፋው እዚያው ነው። ከተማ ስለገባን ይህን ልማድ መተው የለብንም ባይ ነኝ።

ባለ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካን በጎኑ ተቆርጦ ሁለት ሦስት እግር ጎመን ይይዛል። ዋናው ነገር ታቹ ነው፤ በጋለ ምስማር በደንብ ካልተበሳ ሥሩ ይበሰብሳል። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ ለብቻው ዕቃ ውስጥ ሲገባ ይጠጥራል፤ ውሃው ላዩ ላይ ይቀራል። ከበሰበሰ ፍግና ከትንሽ አሸዋ ጋር ሲደባለቅ ግን ጣት እስኪያስገባ ይላላል። ቃሪያ ፀሐይ እስካገኘ ድረስ በረንዳ ይበቃዋል። ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ለዳጣ የሚፈጨው ቃሪያ ከገዛ በረንዳ ተቀጥፎ ሲመጣ ሽታው ራሱ ሌላ ነው!

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር ብዙ የተወራው ስለ ወተት፣ ስለ ዶሮና ስለ ማር ነበር። ጎመንም ከሌማቱ ላይ ቦታ አለው እላለሁ።

አደራ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ታጥቦም ቢሆን የሚበላ ነገር አትትከሉበት።